የተቀራረበ ራሊ ከድሬዳዋ ሆኖ መከታተል፦ የሰዓት ገጹ፣ ቪዲዮው፣ ዲሹ ወይስ ናይቫሻ ድረስ መሄድ?

ኳስ ሲሆን ሁለቱ ቡድኖች አንድ ሜዳ ላይ ናቸው፤ ማን እንደሚመራ ለማወቅ ማየት ይበቃል። የመኪና ውድድር የሆነው ራሊ እንዲህ አይደለም። ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ ለትራፊክ ተዘግቶ አስቡት። አንዱ መኪና ተነሳ፣ ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ሁለተኛው ተከተለ። ኩርባው ዳር የቆመ ሰው ሁለቱንም ያያል፤ የትኛው እንደፈጠነ ግን ሊምል አይችልም። ጎኑን እየሰጠ አቧራውን ሰማይ ያደረሰው የፈጠነ ይመስላል፣ መስመሩን ይዞ ዝም ብሎ ያለፈው ደግሞ የተኛ። ላይ ሲደርሱ ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ይናገራል።

ልዩነቱ በደቂቃ ሲሆን ይህ ብዙም አያሳስብም። ጭንቁ የሚመጣው ወደ ሰከንድ ሽርፍራፊ ሲወርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ዮርዳኖስ ላይ አሽከርካሪው ሴባስቲያን ኦዢዬ ያሪ-ማቲ ላትቫላን የረታው በ0.2 ሰከንድ ነበር። በ2024 ሰርዲኒያ ላይ ያው ኦዢዬ እየመራ ወደ መጨረሻው ስቴጅ (ለትራፊክ ተዘግቶ በሰዓት የሚለካ የመንገድ ክፍል፤ አሸናፊው የሚለየው የስቴጆቹ ሰዓት ተደምሮ ነው) ገብቶ፣ ጎማው ተንፍሶበት፣ ለኦት ታናክ በዚያው በ0.2 ሰከንድ እጁን ሰጠ። በ2007 ኒውዚላንድ ላይ ማርከስ ግሮንሆልም ሴባስቲያን ሎብን የበለጠው በ0.3 ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለውን ፉክክር ለመከታተል ከድሬ ያሉት መንገዶች የቀጥታ ሰዓት ገጽ፣ የቀጥታ ቪዲዮ፣ የዲሽ ቻናል፣ የቴሌግራምና የፌስቡክ ወሬ፣ እና ወደ ቦታው፣ ለምሳሌ የኬንያው ሳፋሪ ራሊ ወደሚካሄድበት ናይቫሻ፣ መሄድ ናቸው። ለቸኮለ መልሱ ይኸው፦ ከሦስት ቀን በላይ ለሚዘልቅ ውድድር መሠረቱ የሰዓት ገጹ ይሁን፤ የቪዲዮ ገንዘብና ዳታ ለእሑድ የመጨረሻ ሁለት ስቴጆች ይቀመጥ፤ ሌላው ቅመም ነው። ምክንያቱና ልዩ ሁኔታዎቹ ከታች አሉ።

አስቀድሞ፣ የሰዓት ቅየራው

ብዙ ሰው ስቴጅ የሚያመልጠው በኔትወርክ ሳይሆን በሰዓት ስሌት ነው። መርሐ ግብሩ የሚወጣው በአዘጋጁ አገር ሰዓት፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ኬንያና እኛ አንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ስለሆንን 6 መቀነስ ብቻ ነው፦ 08፡05 ማለት ጠዋት 2 ሰዓት ከ5። (ኬንያውያኑም በስዋሂሊ ሲያወሩ እንደኛው ከንጋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት፤ ወረቀቱ ላይ ሲሆን ብቻ ነው የሚለወጠው።) የፊንላንዱ የበጋ ራሊም 6 ይቀነሳል። ጣሊያን በግንቦትና በሰኔ 5፣ ፖርቱጋል በግንቦት 4፣ ሞንቴ ካርሎ በጥር 4። ጃፓን በ6 ሰዓት ስለምትቀድመን ምንም ስሌት አያስፈልጋትም፦ እዚያ ጠዋት 9 ከተባለ እዚህ ሌሊት 9 ሰዓት ነው፣ እዚያ ከሰዓት በኋላ 2 ከተባለ እዚህ ጠዋት 2። ቁጥሩ አንድ፣ እንቅልፉ ሌላ።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ መተግበሪያ ሰዓቱን ራሱ ወደ ስልኩ አካባቢ ቀይሮ ያሳያል። የተቀየረውን ደግሞ የቀየረ ሰው ስቴጁ ካለቀ በኋላ ይደርሳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ሐሙስ ወይም ዓርብ የመጀመሪያው ስቴጅ ሲነሳ የስልካችሁን ሰዓት ከገጹ ጋር አመሳክሩ።

የቀጥታ ሰዓት ገጽ፦ ርካሹም ትክክለኛውም

ሁለት ዓይነት ነው። ይፋዊው የዓለም ራሊ ሻምፒዮና ገጽና መተግበሪያ ስፕሊቶችን (ስቴጁ መሐል የሚያዙ ሰዓቶችን) ወዲያው ያሳያል፤ ጉድለቱ ገጹ በምስልና በማስታወቂያ የከበደ መሆኑ ነው፣ ደከም ባለ ስልክ ላይ ይንቀረፈፋል። ኢ-ደብሊውአርሲ ሪዘልትስ የሚባለው የራሊ ወዳጆች የውጤት ማኅደር ቀለል ያለ ነው፤ የስቴጅ ሰዓት፣ ጠቅላላ ደረጃ፣ ቅጣት፣ ከውድድር የወጣ መኪና ምን እንደገጠመው፣ የድሮ ዓመታት ውጤትም አለው። ፉክክሩ ሲጦዝ ይፋዊውን ክፈቱ፤ በስቴጅና በስቴጅ መካከል፣ ወይም ኔትወርኩ ሲያነክስ፣ ሁለተኛውን። ሁለቱም ለመሠረታዊው ሰዓት ክፍያ አይጠይቁም፤ ቀኑን ሙሉ ተከፍተው ቢውሉም የሚበሉት ዳታ ከቪዲዮ በጣም ያነሰ ነው።

ስፕሊት ማለት ስቴጁ መሐል የተተከለ የሰዓት መያዣ ነው። 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስቴጅ ላይ ሦስት ወይም አራት ሊኖር ይችላል። አነባበቡን በምሳሌ እንይ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተሠሩ ናቸው። ሀ ጠቅላላውን በ6.4 ሰከንድ ይመራል፣ ለ ሁለተኛ ነው። ቅዳሜና እሑድ መሪዎቹ ዘግይተው ስለሚነሱ ለ ይቀድማል፣ ሀ ይከተላል።

መጀመሪያው ስፕሊት፣ 5.2 ኪሎ ሜትር ላይ፦ ለ 3፡11.0፣ ሀ 3፡12.1። ሀ 1.1 አጥቷል፤ መሪነቱ ወደ 5.3 ወረደ።
ሁለተኛው፣ 11.8 ላይ፦ ለ 7፡02.4፣ ሀ 7፡06.2። ልዩነቱ 3.8 ሆነ፤ መሪነቱ 2.6።
ሦስተኛው፣ 16.9 ላይ፦ ለ 10፡05.0፣ ሀ 10፡08.7። ልዩነቱ 3.7፤ መሪነቱ 2.7።

እዚህ ጋ አብዛኛው አዲስ ተመልካች የሚሳሳተው 1.1ን፣ 3.8ንና 3.7ን ደምሮ "8.6 አጥቷል፣ ተበልጧል!" ብሎ በመጮህ ነው። ስፕሊት ከመነሻው ጀምሮ የተጠራቀመ ሰዓት ነው፤ አይደመርም። የመጨረሻውን ብቻ ከነበረው መሪነት ቀንሱ። ደግሞም ቁጥሩን በጥንቃቄ ላየው ታሪኩ ይገለጻል፦ ሀ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ስፕሊት መካከል ባለው 6.6 ኪሎ ሜትር ውስጥ 2.7 ሰከንድ ጣለ፣ ከዚያ በኋላ ግን እኩል ነዳ፤ እንዲያውም 0.1 መለሰ። ስለዚህ ፍጥነት አላነሰውም፤ አንድ ቦታ ላይ የሆነ ነገር ሆኗል።

ምን ሆኖ ይሆን? ከብዛቱ መገመት ይቻላል። በአንድ ክፍል ብቻ ከ2 እስከ 5 ሰከንድ ከጠፋ ኩርባ ላይ ሰፋ ብሎ ወጥቷል፣ ወይም ፍሬን ዘግይቶ ይዟል። ከ10 እስከ 20 ከሆነ ዞሯል፣ አልያም መገንጠያ አልፎ በኋላ ማርሽ ተመልሷል። ሞተር ጠፍቶ የተነሳም እዚሁ ውስጥ ይገባል። አንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሁለት ደቂቃ ካለፈ ቆመው ጎማ ቀይረዋል፤ ሁለቱም ወርደው ክሪክ አስገብተው፣ ስኮርታውን አውጥተው፣ ብሎን ፈትተው አስረው። በየስፕሊቱ ቀስ በቀስ እየጨመረ የሚሄድ ኪሳራ ደግሞ መጥፎው ነው፦ ጎማ እየተነፈሰ፣ አሞርዛተር ፈስሶ ወይም ፍሬን ሞቆ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ስቴጅ የሚድን አይደለም። በኬንያ ከዚህ ሌላ አቧራም አለ። የቀደመው መኪና ተበላሽቶ እያዘገመ ከሆነ፣ ተከታዩ ነፋስ ባልነካው አቧራ ውስጥ ይገባና ያለ ጥፋቱ ሰከንድ ይጥላል። ይህን የምታውቁት የቀዳሚው ስፕሊትም አብሮ የተበላሸ እንደሆነ በማየት ነው።

ገጹ የሚያሳስትባቸው ቦታዎች፦

ስፕሊት ሳይመጣ ሲቀር ሰው ወዲያው "ወጣ፣ ተገለበጠ" ይላል። ብዙ ጊዜ መያዣው ሳይልክ ቀርቶ ነው። ቀጣዩን ስፕሊት ጠብቁ፤ እሱም ካልመጣ፣ ከኋላው የተነሳውም ከደረሰ፣ ያኔ ጭንቀቱ ተገቢ ነው።

ስቴጁ ሲጀመር አንደኛ ሆኖ የሚታየው መጀመሪያ የጨረሰው ነው፤ ተፎካካሪዎቹ ገና አልገቡም። "ስንት መኪና ጨርሷል?" የሚለውን ሳያዩ ማክበር አያዋጣም።

አደጋ ደርሶ ስቴጅ በቀይ ባንዲራ ከቆመ፣ በሙሉ ፍጥነት ያልነዱት በኋላ በዳኞች የተገመተ ሰዓት ይሰጣቸዋል። ይህ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይና ደረጃውን ሊገለብጥ ይችላል።

ቅጣትም ዘግይቶ ይጻፋል። የሰዓት መቆጣጠሪያ ጣቢያ ላይ ለዘገየ በየደቂቃው 10 ሰከንድ፤ ቀድሞ ለገባ ደግሞ በየደቂቃው አንድ ሙሉ ደቂቃ። ቀድሞ መግባት ይበልጥ የሚያስቀጣ መሆኑ ለብዙ ሰው ይገርማል። ከውድድር ወጥቶ በማግሥቱ የሚመለስ መኪና ላልነዳው ለእያንዳንዱ ስቴጅ 10 ደቂቃ ይጨመርበታል፤ ስለዚህ ቅዳሜ ፈጣን ሰዓት ሲያስመዘግብ ያያችሁት መኪና በጠቅላላው ላይ ከጭራ ቢገኝ አትገረሙ።

የመጨረሻው ስህተት የስልኩ ነው። ስክሪኑ ተቆልፎ ሲከፈት ገጹ የቆመበትን ያሳያል፤ ሰዓቱ የበረደ መሆኑ አይታወቅም። ስፕሊት ሁለት ደቂቃ ካልተንቀሳቀሰ ገጹን አድሱ።

ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ሳያዩ ሁለት አሽከርካሪ ማወዳደርም ያሳስታል። ዓርብ የሚነሱት በሻምፒዮናው ደረጃ ነው፤ የዓመቱ መሪ መንገድ ከፋች ይሆናል። በጠጠር መንገድ ላይ ከፋቹ ልቅ ጠጠሩን ለሌላው ይጠርጋል፤ አስፓልት ያልገባበት ገጠር መንገድ ላይ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል፣ የጎማ ዱካ ያለበትና ያልተነካው አንድ አይደሉም። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት በኪሎ ሜትር ሩብ ሰከንድ መጣል ለከፋቹ ውርደት አይደለም። ዝናብ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፦ ጭቃው ሳይቦካ የሚያልፈው ያተርፋል። ሳፋሪ ከ2024 ወዲህ ከሰኔ ወደ መጋቢት በመዛወሩ ይህ ሁለተኛው ነገር ከበፊቱ ይበልጥ ያጋጥማል።

ቪዲዮው፦ መቼ ይገባል?

ራሊ ቲቪ የሻምፒዮናው የራሱ የክፍያ አገልግሎት ነው፤ ስቴጆቹን በሙሉ በቀጥታ ያሳያል፣ መኪናው ውስጥ ካለ ካሜራ ጋር። ከሰዓት ገጹ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ሰዓቱ "12 ሰከንድ ጠፋ" ይላል፣ ቪዲዮው ለምን እንደጠፋ ያሳያል። ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ መንገዱን የሚያነብለት የናቪጌተሩ ድምፅ፣ የኋላ ቀኝ ጎማ ከቸርኬው ተላቆ ሲገረፍ፣ ኮፈኑ ላይ የወጣው እንፋሎት። ይህ ደስታ ነው፤ ነገር ግን ማን እየመራ እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ቪዲዮ መግዛት ውድ ነው።

ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ለመገበያየት በተፈቀደ ካርድ ነው፤ የባንክ ካርዳችሁ ለኢንተርኔት ግዢ መከፈቱን ከውድድሩ ሳምንት በፊት አጣሩ፤ እሑድ ጠዋት ባንክ አይከፈትም። በጋራ የተገዛ መለያ የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ የሚያጋጥማቸው የታወቀ ነው፦ ሌላው በሌላ ስልክ ሲገባ ያኛው ይባረራል፣ ይህም የሚሆነው ሁሉም በሚገባበት በመጨረሻው ስቴጅ ላይ ነው። ተሰብስቦ በአንድ ስክሪን ማየት ከዚህ ሁሉ ይሻላል።

ዳታውን ለማስላት አንድ ቁጥር ያዙ፦ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ማለት በሰዓት 450 ሜጋባይት ነው። ለስልክ የሚበቃ ምስል በ1 እና በ1.5 ሜጋቢት መካከል ይሠራል፣ በሰዓት ከ450 እስከ 675 ሜጋባይት። ለቴሌቪዥን 3 ሜጋቢት ብትይዙ በሰዓት 1.35 ጊጋባይት። ቅዳሜን ከጠዋት እስከ ማታ፣ በድምሩ ለ8 ሰዓት ያህል፣ በቴሌቪዥን ጥራት ማየት ወደ 11 ጊጋባይት ይጠጋል፤ እሑድ የመጨረሻውን 2 ሰዓት ብቻ ማየት 2.7። የጥራቱን ምርጫ "ራሱ ይምረጥ" ላይ አትተዉት፤ ኔትወርኩ ጥሩ በሆነ ቅጽበት ወደ ላይኛው ይዘልና ጥቅሉን ጠጥቶ ይጨርሳል።

በድሬዳዋ ሁለት ኔትወርክ መኖሩ እዚህ ይጠቅማል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ አገልግሎቱን በመጀመሪያ ያበራው በነሐሴ 2022 እዚሁ ድሬዳዋ ነበር። ቪዲዮውን በአንዱ፣ የሰዓት ገጹን በሌላው ሲም ይዞ መቀመጥ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲይዝ ያደርጋል። ጥቅል በ*999# ወይም በ*777# ቀድማችሁ ግዙ፤ ለጃፓን ራሊ የሌሊት ጥቅል ካለ ይመረጣል፣ ብዙ ስቴጅ እኛ ጋ ከንጋት በፊት ነውና።

ቪዲዮና ሰዓት አብረው ሲከፈቱ አንድ ጠብ ይነሳል። ምስሉ ከሰዓት ገጹ ግማሽ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ይዘገያል። ስልኩን የያዘው "ጨረሰ፣ በ0.4 በለጠው!" ሲል ቴሌቪዥኑ ላይ መኪናው ገና ሦስት ኩርባ ይቀረዋል፤ የሌላው ሁሉ ደስታ ይበላሻል። አቦ፣ ስልኩን ገልብጠው! ለመጨረሻው ስቴጅ አንዱን ምረጡ። ምርጫው ለቪዲዮው ከሆነ ስልኩ ይገልበጥ፤ ውጤት ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ለብቻው ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

የድሬ ሙቀትም ራሱን የቻለ ተፎካካሪ ነው። ቻርጅ ላይ ሆኖ ቪዲዮ የሚያሳይ ስልክ ቀትር ላይ ይግልና መጀመሪያ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ከዚያ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ በመጨረሻ ይዘጋል። አስቀድማችሁ ሙሉ አድርጉት፤ ሽፋኑን አውልቁ፤ ከመስኮት ራቅ አድርጋችሁ፣ ፋኑ በሚደርስበት ቦታ፣ ከትራስ ላይ ሳይሆን ከሳህን ወይም ከጣውላ ላይ አስቀምጡት።

ዲሽና የቴሌግራም ወሬ

ዲሽ ላለው ሰው የዲኤስቲቪ የስፖርት ቻናሎች አማራጭ ናቸው፤ ግን ራሊ እንደ ኳስ በቋሚ ሰዓት አይመጣም። ጥቅሉን ከመክፈላችሁ በፊት የዚያን ሳምንት ፕሮግራም ዝርዝር ሪሲቨሩ ላይ ፈልጉ፤ "በቀጥታ" ነው ወይስ የማታ ማጠቃለያ? ማጠቃለያ ብቻ ከሆነ፣ ውጤቱን ሰምታችሁ ስለምታዩት ለተቀራረበ ፉክክር አይሆንም። ለልጆችና መኪና ማየት ለሚወድ አባት ግን ከሁሉ ምቹ እሱ ነው።

ቴሌግራምና ፌስቡክ ፈጣን ናቸው፣ ሐሰትም እንዲሁ። የድሮ አደጋ ቪዲዮ "አሁን የሆነ" ተብሎ ሲዞር መለየት የሚቻልበት አንድ ዘዴ አለ፦ ጎማውን እዩ። የሻምፒዮናው ብቸኛ ጎማ አቅራቢ ከ2021 እስከ 2024 ፒሬሊ ነበር፤ ከ2025 ጀምሮ ሃንኩክ ነው። ፒሬሊ የተጻፈበት ጎማ ያለው የሻምፒዮና መኪና "ዛሬ ተገለበጠ" ከተባለ ዛሬ አይደለም።

ናይቫሻ ድረስ መሄድ

የሳፋሪ ስም ለሐረርና ለድሬ ሰው ባዕድ አይደለም። ሐረር ላይ በታክሲነት ዕድሜውን የገፋው ፔጆ 404 በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ሳፋሪን ያሸነፈ መኪና ነው። ውድድሩ በ1953 ተጀምሮ ረጅም ዕድሜ ያየ፣ ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ በ2021 የተመለሰ ነው። ከድሬ በአዲስ አበባ አድርጎ ናይሮቢ በአውሮፕላን መድረስ ይቻላል፤ ናይቫሻ ከናይሮቢ በሰሜን ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጉዞ ሰነድና የክትባት ካርድ ጉዳይ ስለሚለዋወጥ ትኬት ከመቁረጥ በፊት አየር መንገዱን ጠይቁ።

ምን ታገኛላችሁ? ድምፁን፣ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ፣ ፌሽ-ፌሽ የሚሉትን ዱቄት አቧራ። ይህ የደቻቱ አሸዋ አይደለም፤ ከዚያ በጣም ይልማል፣ እንደ ጤፍ ዱቄት ነው። ከላይ የደረቀ መንገድ ይመስላል፣ መኪናው ሲገባበት እስከ ሆዱ ይውጠዋል፣ የሞተሩን አየር ማጣሪያ ይደፍናል። ለዚህ ነው የሳፋሪ መኪኖች አየር የሚስቡበትን ቱቦ ከፍ አድርገው ጣሪያ አጠገብ የሚያስገቡት።

ምን ታጣላችሁ? ፉክክሩን። አንድ ቦታ ቆማችሁ እያንዳንዱን መኪና ለጥቂት ሰከንድ ታያላችሁ፤ ኔትወርኩም ሕዝብ በተሰበሰበበት ስለሚጨናነቅ የሰዓት ገጹ አይከፈትም። ስለዚህ የሚሄድ ሰው ለጉዞው ይሂድ፤ ማን በስንት እንደመራ ግን ድሬ ላይ ቀርቶ ስልኩን የያዘው ወንድሙ ቀድሞት ያውቃል። ከሄዳችሁ አንድ ቀን አንድ ስቴጅ ይበቃል፤ ሁለት ስቴጅ ለማሳደድ የሞከረ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም የሚያየው ከመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ሆኖ ነው። ለእሑድ ሄልስ ጌት የሚባለው ስቴጅ ጥሩ ምርጫ ነው፤ በንጋት ግቡ፣ ከኩርባው ውጭኛ ጎን አትቁሙ፣ ከመንገዱ ከፍ ያለ ቦታ ያዙ።

የት ቁጭ ይባል?

ቅዳሜ ከሰዓት በከዚራ ካፌዎች ቴሌቪዥኑ የኳስ ነው፤ የእንግሊዝ ጨዋታ ባለበት ሰዓት ራሊ አድርጉልን ብሎ መለመን ትርፉ መሳቂያ መሆን ነው። ቅርብ ዓመታት ደግሞ መጋቢት ላይ ሮመዳንና ዐቢይ ጾም እየተገጣጠሙ ስለሆነ ቀን ላይ ቤት መቀመጡ ይቀላል። ቤት ከሆነ የመብራቱን ነገር አስቡ፦ ለራውተርና ለሁለት ስልክ ባለ 20,000 ሚሊ አምፒር ፓወር ባንክ ሙሉ ከሰዓት ይይዛል፤ ቴሌቪዥን ግን አይነዳም። መብራት ሄዶ ጨዋታው ወደ ስልክ ስክሪን ከወረደ ጥራቱን ወዲያው ዝቅ አድርጉት፤ ጀነሬተር እስኪነሳ የሚጠብቅ ስቴጅ የለም። ከሰዓት የበርጫ ሰዓት ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ሰዓት አንባቢ ይሁን። አምስት ሰው አምስት ስልክ ይዞ አምስት የተለያየ ልዩነት ሲጠራ ማንም ማንንም አያምንም።

ዳታውን እሑድ ጠዋት መግዛት ወይስ መተው

ውሳኔው በአንድ ማካፈል ያልቃል። ቅዳሜ ማታ ያለውን ልዩነት እሑድ ለሚቀረው የስቴጅ ኪሎ ሜትር አካፍሉ። ልዩነቱ 12 ሰከንድ ሆኖ 60 ኪሎ ሜትር ከቀረ፣ በኪሎ ሜትር 0.2 ማለት ነው፤ ይህ በፍጥነት ብቻ የሚደረስበት ነው፣ ቪዲዮውን ግዙ። ልዩነቱ 30 ሆኖ 30 ኪሎ ሜትር ከቀረ፣ በኪሎ ሜትር 1 ሰከንድ ነው፤ እኩል መኪና ባላቸው አሽከርካሪዎች መካከል ይህን በፍጥነት መመለስ አይቻልም፣ የሰዓት ገጹ ይበቃል። በመካከሉ ያለው፣ ከ0.3 እስከ 0.6፣ እንደ መንገዱ ነው። በአስፓልት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቷል በሉ። በኬንያ ግን አትዝጉት። በ2021 ቲየሪ ኑቪል እየመራ እሑድ ገብቶ በመጀመሪያው ስቴጅ ላይ ሱስፔንሽኑ ተበላሽቶ ወጣ፤ ኦዢዬ አሸነፈ፣ ታካሞቶ ካትሱታ ሁለተኛ ሆነ።

ሦስተኛና አራተኛው ቦታ ላይ ያለውን ፉክክርም አትርሱ። ከ2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የነጥብ አሰጣጥ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ከ25 ጀምሮ ነጥብ ይሰጣል፤ በዚያ ላይ እሑድ ብቻውን ለፈጠኑት አምስት ከ5 እስከ 1፣ በፓወር ስቴጁም (በራሊው የመጨረሻ ስቴጅ) እንደዚያው ከ5 እስከ 1። ስለዚህ በጠቅላላው ስምንተኛ የሆነ ሰው እሑድ 10 ነጥብ ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ አንዳንዱ ቅዳሜ ጎማውን እየቆጠበ የሚያዘግመው ለዚህ ነው። ቅዳሜ ማታ በ45 ደቂቃው ጥገና ምን እንደተቀየረ፣ እሑድ ስንት አዲስ ጎማ እንደተረፈው የሚጽፍ ካገኛችሁ ከደረጃ ሰንጠረዡ እኩል አንብቡት።

የመጨረሻው መኪና መስመሩን ሲያልፍ የሚወጣው ሰንጠረዥ ላይ "ጊዜያዊ" የሚል ምልክት አለ። መኪኖቹ ተመዝነው፣ ተፈትሸው፣ የዘገዩ ቅጣቶች እስኪጻፉ ድረስ ይቆያል። ልዩነቱ 0.2 ወይም 0.6 ሆኖ ሳለ የ10 ሰከንድ ቅጣት ጉዳይ በዳኞች ጠረጴዛ ላይ ካለ፣ የምሳ ውርርዱን ገንዘብ ያ ምልክት እስኪነሳ አትክፈሉ።